አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው በርበሬ

ፅዮንዬ፣ ነይ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ። እኔ በዚህ ጥግ እሆናለሁ። መሐል ያለውን ወንበር ተዪው፤ ሾፌራችን ባፈና ቢጫ ፕላስተር በመስቀል ለጥፎበታል፣ ፖሊስ ሰው ተቀምጦበት ካየ ሚኒባሱን ያስቆምበታል። አየሩ እንዴት ደግ ሆነ አይደል? አሁን በየካቲት መምጣትሽ እድል ነው። በሐምሌ ብትመጪ ኖሮ ከበር እስከ መኪናው ስትደርሺ ቀልጠሽ ታልቂ ነበር።

ጮክ ብዬ ሳወራ ቅር እንዳይልሽ። ማስኩ ድምፄን ይውጠዋል፣ በመሐላችን ወንበር አለ፣ የባፈና ሞተር ደግሞ እንደ ወፍጮ ነው። ሰው ይሰማናል ብለሽም አትጨነቂ። ማን ይሰማል? ከፊታችን ያለችው እህታችን እንደሆነች ተኝታለች። አየሻት፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ጎትታ... እኔ ስሳፈር እንኳ ነቅታ ስልኳን ታይ ነበር፤ ልክ ስቀመጥ ነው እንቅልፍ የጣላት። መታደል ነው። ህሊናው ንጹሕ የሆነ ሰው እንቅልፍ እንዲህ ነው የሚይዘው... በድንገት።

እና ሥራ እንዴት ነው? ማዳምሽ ደህና ናት? ምግቡስ ተስማማሽ? ባለፈው በርበሬ አጣሁ ያልሽኝ ትዝ አለኝ። አይዞሽ፣ አሁን እንኳ ደህና ነው። አምና ብትመጪ ምን ልትሆኚ ነበር...

በርበሬ ከተነሳ ዘንዳ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሻርጃ እስክንደርስ አንድ ነገር ላጫውትሽ። ስም አልጠራም። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ጾም ነው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ማማት ደግ አይደለም። ስም ካልጠሩ ግን ሐሜት አይባልም፣ ትምህርት ነው። የወይንሐረግ ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ ይበሉ፣ እኔ የማወራው ስለ ደግ ሰው ነው። ስለ አንዲት በጣም ደግ ሴትዮ። ስለ መክሊትም አወራለሁ። የመክሊትን ስም ብጠራ ግድ የለም፤ እሷ የሚያሳፍር ነገር አልሠራችም።

መክሊት ከእኛ ቪላ አጥር ለአጥር በሆነው ቤት ነበረች፣ እዚያው ዱባይ፣ አል ባርሻ። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ሥራ የማትመርጥ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። ደጓ ሴትዮ ደግሞ የዚያው ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ሁለቱ በአንድ ክፍል ያድራሉ፣ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። መክሊት በዕድሜ ስለምታንስ 'እትዬ' ነበር የምትላት። ጉንፋን ሲይዛት እግሯን በቫዝሊን የምታሽላት መክሊት ነበረች። አብሮ የበላ አይካካድም ይባላል አይደል? አዎ... ይባላል።

የዚያ ቤት ባባ፣ አባወራው፣ አንድ ፍቅር አለው። ማዳም እንዳትመስልሽ። ፀሐይ ናት። ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሶላር አልብሶታል፣ የመኪና ማቆሚያውን ክዳን ሳይቀር። 'ይሄ ቤት አይደለም፣ ትንሽ የኃይል ማመንጫ ነው' ይላል። ዋላሂ እውነቱን ነው። እኔ ልብስ ላሰጣ የኛ ጣሪያ ላይ ስወጣ ሐይቅ የተኛበት ነበር የሚመስለኝ። ያ ሁሉ ጥቁር መስታወት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል፣ ቤቱን ያበርዳል፣ የተረፈው በሽቦ ወጥቶ ከከተማው መስመር ይቀላቀላል። ምን ማለት መሰለሽ... የኔዋ ማዳም እኩለ ቀን ላይ ፀጉሯን ስታደርቅ፣ በማድረቂያው ውስጥ የጎረቤቷ ጣሪያ ፀሐይ አለበት ማለት ነው። ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው፣ ነዳጅ ቅዱልኝ አይል። ባባ ይሄን ሲያስረዳ ዓይኑ እንባ ያቀራል።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን የሚያህል ሰሌዳ ሰቅሏል። ጣሪያው በዚያ ሰዓት ምን ያህል እንደሚያመነጭ፣ ምን ያህል ዛፍ ከመቆረጥ እንዳተረፈ ያሳያል። ድሮ እንግዳ ሲመጣ ከቴምሩ በፊት ሰሌዳውን ነበር የሚያቀርበው። ኮሮና መጥቶ እንግዳ ሲቀር በዙም ማስጎብኘት ጀመረ። ስልኩን ይዞ ጣሪያ ይወጣል፤ ዘመዶቹ ከኩዌትም፣ ከባህሬንም፣ ከለንደንም ተሰብስበው ያዩለታል። ምን ያድርጉ፣ እነሱም ተዘግቶባቸዋል።

ያን ሁሉ ማመንጫ የሚያጥበው ማን ነበር? መክሊት ናት። በዚህ አገር አሸዋ ከሰማይ ነው የሚዘንበው፤ መስታወቱ አቧራ ከለበሰ ፀሐይ አያይም። ስለዚህ ገና ሳይሞቅ ትወጣለች፣ በረጅም እጀታ ለስላሳ መወልወያ እየገፋች ታጥባለች። ወድዳው ነው። በአጥሩ ላይ ስንገናኝ 'እዚህ ቤት የሚያመሰግነኝ ያ ሰሌዳ ብቻ ነው፣ ሳጥብለት ቁጥሩ ከፍ ይላል' ትለኝ ነበር።

አሁን ወደ ደጓ ሴትዮ ልምጣ። እጇ ላይ በረከት አለ። በርበሬ ታውቅበታለች። አየር መንገዱ ሲዘጋ ከአገር ቤት የሚመጣ በርበሬ ቆመ። ሻንጣ የሚጭን የለም፤ ዴይራ ዕቃ ሊገዙ የመጡት ነጋዴዎች እንኳ እዚሁ ታግተው ቀሩ። ኢንተርናሽናል ሲቲ ቢድ ስፔስ፣ አልጋ ብቻ ተከራይተው ያሉ ልጆች ወጡን በቲማቲም ሳልሳ እያቀሉ 'ዓይንን ጨፍኖ ቢበሉት ይመሳሰላል' መባባል ጀምረው ነበር። ታዲያ ይህች ደግ ሴት 'ወገኔ ሲቸገር ዝም ብዬ አላይም' አለች። የሕንድ ዛላ በርበሬ በጆንያ አስመጣች፣ በማዳም ጁስ መፍጫ ደለዘችው፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ቀላቀለች። የማዳም ልጆች 'የማንጎ ጁሱ ምላሳችንን አቃጠለን' ብለው ሲያለቅሱ 'አዲስ የማንጎ ዝርያ ነው፣ ኮሮናን ይከላከላል' ብላ አጠጣቻቸው። መልስ አጥታ አታውቅም። ይሄም ጸጋ ነው።

የተደለዘ በርበሬ ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል። የት ይሰጣ? መሬቱ አሸዋ ነው፣ በረንዳው ላይ ማዳም ታያለች። ቀና ብትል... ጣሪያው ላይ ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ ፀሐይን ፊት ለፊት የሚያይ፣ መክሊት ማለዳ ተነስታ ያጠበችው መስታወት ተዘርግቶ ይጠብቃታል። እኔና አንቺ ሶላር ስናይ መብራት ብቻ ነው የሚታየን። እሷ ማስጫ ታያት። አእምሮ ማለት ይሄ አይደል? ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ፣ በርበሬ በሶላር።

መክሊት አጥባ ስትወርድ እሷ ትወጣለች። የማዳምን ነጭ የገበታ ጨርቅ መስታወቱ ላይ ትዘረጋለች፤ ዘንበል ያለ ስለሆነ እንዳይንሸራተት በልብስ መቆንጠጫ ትይዘዋለች፤ በላዩ ታሰጣለች። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲያሸልብ ሰብስባ ትወርዳለች። እኔም ከማዶ ቀይ ነገር አይቼ ምንጣፍ የሚያናፍሱ ነበር የመሰለኝ። በሰው ማመንጫ ላይ በርበሬ ይሰጣል ብሎ ማን ያስባል? ትልቅ ሐሳብ ለትንሽ ሰው አይመጣለትም።

ሰሌዳው ግን ማቃሰት ጀመረ። ከረፋድ ጀምሮ ቁጥሩ ቁልቁል ይወርዳል፣ ወደ ማታ ነፍስ ይዘራል። ባባ ምግብ አስጠላው፣ ልጅ የታመመበት ነበር የሚመስለው። ሶላሩን የተከለው ድርጅት ጋ ሲደውል በዚያ ወቅት ሰው ቤት መግባት ይፈሩ ስለነበር 'አቧራ ይሆናል፣ በደንብ ይታጠብ' አሉት። ማዳም መክሊትን ጠራቻት።

'ምንድነው ሹግልሽ፣ ሥራሽ ምንድነው? ጣሪያውን አታጥቢም?'

'ዋላሂ ማዳም፣ ዛሬም አጥቤያለሁ።'

ደጓ ሴትዮ እዚያው ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ባለ ጊዜ ዝም ይላል። እሷ ግን አንጀቷ አልቻለም። እጇን በሽርጧ ጠርጋ 'ማዳም፣ ይቅር በያት፣ ልጅ ናት፣ ትማራለች' አለችላት። አየሽ ምልጃ? ላላጠፋችው ልጅ ይቅርታ አስገኘችላት። በሰማይ ቤት እንዲህ ያለ አማላጅ ቢኖር ኖሮ ስንቱ ጻድቅ በይቅርታ ሲኦል ይገባ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መክሊት ማለዳም ማታም ማጠብ ጀመረች። እሷ ይበልጥ ባጠበች ቁጥር በርበሬው ይበልጥ ንጹሕ ቦታ ይሰጣል። በጥራቱ ተወዳጅ የሆነው ለዚህ ነው ይባላል፤ 'አሸዋ የሌለበት በርበሬ' ብለው አጅማን ድረስ ይፈልጉት ነበር።

ልጅቷ እንዲያ የምትጨነቀው ወድዳ አይደለም። ሰርግ አለባት። ቸርነት የሚባል እዚያው ደብረ ብርሃን የሚያስተምር ልጅ አጭቷት፣ ሰርጉ ከፋሲካ ማግስት ተቆርጦ፣ በሬው ተገዝቶ፣ ኮሮና ሰማዩን ዘጋው። በሬው ሳይታረድ ቀረ። በኋላ አየር መንገዱ ሲከፈት ክረምትም ቢሆን ይሁን ተብሎ ለሐምሌ መጨረሻ ተቆረጠ። ማዳም ፈቃድ ሰጥታታለች፣ ቲኬት አላት፣ ቬሎው ከዴይራ ተገዝቶ አልጋዋ ሥር ተጣጥፏል። ማዳም ከተቀየመች ግን ፈቃዱም የለ፣ ሰርጉም የለ። ደጓ ሴትዮ ይሄን ሁሉ ታውቃለች። ቬሎውን አብራት የመረጠችው እሷ ናት። 'ነጭ ያምርብሻል፣ ንጹሕ ልጅ ነሽ' ያለቻት እሷ ናት። እውነቷን ነበር፤ ያኔ ገና አልተነካካችም።

ታዲያ አንድ ቀን ባባ ትልቅ የዙም ጉብኝት ጠርቶ ሳለ ነፋስ ተነሳ፣ ያ አሸዋ የሚያነሳው ነፋስ። ደጓ ሴትዮ ኩሽና ውስጥ ከበርበሬ ደንበኞቿ ጋር ስልክ ይዛ ነበር። ከላይ መቆንጠጫው ተፈናጠረ፣ የገበታ ጨርቁ እንደ ባንዲራ ተነሳ። የዚያ ቤት ኤሲ ንጹሕ አየር የሚስበው ከጣሪያው ነው፣ ከፓኔሎቹ አጠገብ። ኤሲው ደግሞ አድልዎ አያውቅም፣ የመጣለትን ሁሉ ይስባል።

ሳሎን ውስጥ ባባ በስክሪኑ ለተሰበሰቡት ዘመዶቹ 'ንጹሕ ኃይል ማለት ንጹሕ አየር ማለት...' እያለ ነበር። አየር የሚለው ላይ ሲደርስ አስነጠሰው። ማዳም ቀጠለች። ልጆቹ ቀጠሉ። ማማ ከቢራ የሚሏት የማዳም እናት ተቀብላ ማቆም አቃታት። ድመቷ ሳትቀር ሶፋ ሥር ገብታ አስነጠሰች። የኩዌቱ አጎት ስልኩን በክንዱ ልክ አርቆ ያዘው አሉ፤ በዙም የሚተላለፍ መስሎት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ነበር የሚባለው... በርበሬ ግን በሰው አፍንጫ ነው የሚያወጣው።

አትሳቂ ፅዮን። ያኔ አልነበርሽም። በዚያ ወቅት ሰው ፊት ከማስነጠስ መስረቅ ይሻል ነበር። ማዳም ደወለች፣ አምቡላንስ መጣ። ከእግር እስከ ራስ ነጭ የለበሱ፣ በመነጽር የታሸጉ ሰዎች ገብተው የሁሉንም ግንባር ለኩ። ትኩሳት ያለበት የለም። ትንሽ ቆይቶ ዶክተሩ ራሱ በልብሱ ውስጥ ማሳል ጀመረ። 'ይሄ እንኳ አዲስ ዝርያ ሳይሆን አይቀርም' አለ አሉ፣ እንባውን የሚጠርግበት ቀዳዳ አጥቶ።

መክሊት ከሁሉም የባሰች ነበረች፤ ዓይኗ ቲማቲም መስሏል። ነፋሱ ሲነሳ 'መስታወቱ አቧራ ሊለብስብኝ ነው' ብላ ወደ ጣሪያ ሮጣ ነበራ። በሩን ስትከፍት በርበሬው ፊቷ ላይ ተቀበላት። ጨርቁንም፣ መቆንጠጫውንም፣ የቀረውንም በርበሬ በዓይኗ አየች። በእንባ እየተደናበረች ስትወርድ ደረጃው ላይ ማን ቆሞ ጠበቃት? ያቺ ደግ ሴት።

'መክሊትዬ፣ የኔ ልጅ' አለቻት እጇን ይዛ፣ 'ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ፣ አባት የላቸውም። ማዳም ካባረረችኝ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ። አንቺ ወደ ትዳርሽ የምትሄጂ ነሽ፣ ምን ይነካሻል? ዝም በይልኝ ብቻ።'

መክሊት ምን ትበል? ዝም አለችላት። ደጓ ሴትዮም ቃሏን ጠበቀች፤ ዝም በይ ብቻ ነው ያለቻት። የቀረውን ራሷ ተናገረችላት። ማዳም 'መጀመሪያ ያሳለው ማነው?' ብላ ስትጠይቅ፣ 'መክሊት እኮ ከትናንት ጀምሮ ራሴን ስትል ነበር' አለች። ለቤተሰቡ ጤና አስባ ነው። አሳቢ ናት።

ሾፌራቸው ሙአዝ አገሩ ሄዶ በዚያው ስለቀረ ክፍሉ ባዶ ነበር። መክሊትን እዚያ አስገቧት። የምርመራው ውጤት መጣ፤ ሁሉም ነጻ ናቸው፣ መክሊትም ነጻ። ማዳም ግን 'ማሽን ይሳሳታል፣ ዓይኗን እኔው አይቼዋለሁ' ብላ እንዳትወጣ አዘዘች። እዚያው ሆና የአውሮፕላኗ ቀን አለፈ። ከሙአዝ መስኮት ሰማዩን ስታይ ዋለች። ማታ በስልክ ለቸርነት ስትነግረው 'አይዞሽ፣ ትንሽ ጊዜ ነው' አላት። ይሄን ስትነግረኝ እንኳ አላለቀሰችም። 'በርበሬው እንባዬን ጨረሰው' ነው ያለችኝ።

ምግቧን በር ላይ የምታስቀምጥላት ደጓ ሴትዮ ነበረች። ነጭ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ነጭ ሩዝ። መክሊት 'እትዬ፣ እባክሽ ትንሽ በርበሬ ነስንሺበት፣ አፌ ሞተ' ብትላት፣ 'ውይ የኔ ልጅ፣ በርበሬ ለሳል አይሆንም' አለቻት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የትኛው ሐኪም ቤት ታገኛለሽ?

በመጨረሻ ባባ ድርጅቱን ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ ደግሞ ለምኖ ቴክኒሻን ተላከለት። ቃሲም የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ። ማስክ በማስክ ላይ ደርቦ ጣሪያ ወጣ። ሽቦው ደህና ነው፣ መስታወቱ ያብለጨልጫል። ጎንበስ ብሎ የፓኔሉን ጠርዝ በጣቱ ጠረገ፣ ማስኩን ዝቅ አድርጎ አሸተተው... እዚያው ቁጭ ብሎ ቆየ ይላሉ። ናፍቆት ነው፣ እሱም ሳልሳ ሲበላ የከረመ ሰው ነው።

ወርዶ ባባን አስረዳው። 'ጌታዬ፣ ፓኔሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚሠሩት። በአንዱ ላይ ጥላ ካረፈ ሰልፉ በሙሉ ይደክማል።' ፅዮንዬ፣ ይቺን ያዢልኝ። አንዷ ሌላዋን ስትጋርድ ሰልፉ በሙሉ ይደክማል... ስለ ሶላር ነው የማወራው።

'ጥላው ምንድነው ታዲያ?' አለ ባባ።

'በርበሬ ነው።'

ባባ ቁጭ አለ። ሳቀ፣ ደግሞ አለቀሰ። ማመንጫው ጤነኛ ነው፣ ልጁ ከሞት ተነሳለት፤ ሌላው ምንም አልታየውም። ማዳም ግን እናቷ ስታስነጥስ የከረመችባት ሴት ናት፣ አልሳቀችም። ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። መክሊትንም ከሙአዝ ክፍል አስጠራቻት፤ በር ላይ ቆመች። 'ማነው?' አለች ማዳም።

ያኔ ደጓ ሴትዮ መክሊትን አየቻት። ዓይኗ 'ልጆቼ' የሚል ነበር። መክሊት ስለነዚያ ሦስት ልጆች አሰበች፤ ፎቶአቸው በጋራ ክፍላቸው፣ በሴትዮዋ አልጋ ራስጌ ተለጥፏል፣ ሁሉንም በስማቸው ታውቃቸዋለች።

'እኔ ነኝ ማዳም' አለች።

እዚህ ላይ የዚያችን ሴት ዝምታ ባደንቅ ይፈረድብኛል? ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የእሷ ግን የዴይራ ወርቅ ነው፣ በመስኮት ተሰቅሎ መንገደኛ የሚያየው። እንዲያውም በዝምታ ብቻ አልቀረችም፤ እንደሚያዝን ሰው ራሷን ነቅንቃ 'እኔ እኮ ልጅ ናት ብዬ ነበር' አለች።

ቃሲም ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር። በአማርኛ ወደ መክሊት ዞሮ 'እህቴ፣ ሽታው ሸጋ ነው። በሶብላም አለበት ልበል?' አላት። መክሊት ደግሞ በሕይወቷ በርበሬ አዘጋጅታ አታውቅም። ትንሽ አሰበችና 'አዎ... ስኳርም አለበት' አለችው። ልጁ እንዳይስቅ ማስኩን በእጁ ያዘው። ወደ ምግብ አብሳይዋ አንዴ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ስልክ ቁጥር ተለዋወጡና ሄደ።

ማዳም 'ኸላስ፣ በቃሽ' አለቻት። መክሊት ሻንጣዋንና ቬሎዋን ይዛ ኢንተርናሽናል ሲቲ አንድ ቢድ ስፔስ ገባች። ቬሎው እንዳይጨማደድ ከአልጋዋ በላይ ሰቅላው፣ ከላይ የምትተኛዋ ልጅ በጨለማ ስትነሳ መልአክ መስሏት ሁለቴ 'እግዚኦ' ብላለች። በደብረ ብርሃን ደግሞ በሬው ለሁለተኛ ጊዜ ከቢላዋ አመለጠ። የቸርነት አባት 'ይሄን በሬ እግዜር ይዞታል' ብለው ያርሱበት ጀመር።

ደጓ ሴትዮስ? ጠይቂኝ እንጂ፣ ስለ እሷ መች ጨረስኩ። ማዳም 'አንቺ ብቻ ነሽ ታማኝ' አለቻት። መክሊት የነበራትን ሥራ ሁሉ ሰጠቻት፣ ጣሪያውንም ጭምር። አሁን ማለዳ መወልወያውን ይዛ የምትወጣው እሷ ናት፤ ወገቧን ይዛ ስታቃስት በአጥሩ ማዶ እሰማታለሁ። ባባም ዳግመኛ በርበሬ እንዳይወጣበት ካሜራ ተከለ፤ ሲከፋው ስልኩን አውጥቶ ፓኔሎቹን ያያል፣ እሷንም አብሮ ያያታል። ከዚያ ወዲህ እጇን ለማሳረፍ እንኳ አልተመቻት። ሹመት ነው፣ ሹመት ደግሞ ይከብዳል።

ነገሩ ሳይነቃባት ካለፈ ለቤተ ክርስቲያን ጥላ አስገባለሁ ብላ ተስላ ነበር አሉ። ደረሰላት እኮ። ከሐር የተሠራ፣ ጥለቱ የወርቅ ቀለም ያለው ጥላ አስመጥታለች። ልክ ከፊታችን ያለችው እህት እቅፏ ውስጥ እንደያዘችው ያለ... አጋጣሚ ነው፣ ጥላ ከጥላ ይመሳሰላል። ይሁን፣ ያምርባታል። ጥላ ማጥላት ድሮም ታውቅበታለች።

መክሊት ምን ሆነች አትይኝም? ቃሲም ደወለላት። ድርጅቱ ከአጅማን ወጣ ብሎ በረሃው ላይ ትንሽ የሶላር ማመንጫ አለው። አንድ የሠራተኞች ካምፕ ነው መብራት የሚያገኘው ከእሱ። ድሮ በናፍጣ ጀነሬተር ነበር፤ ሰዎቹ ጭስ እየጠጡ፣ ሌሊት በጩኸቱ እየተነሱ ነው የኖሩት። ሶላር ሲተከልላቸው ገና እፎይ ሳይሉ ኮሮና መጣና አጣቢዎቹ አገራቸው ገብተው ቀሩ። አሸዋ ለብሶ የካምፑ ኤሲ በእኩለ ቀን ማቃሰት ጀመረ፣ ጀነሬተሩን ሊመልሱት ነበር። ቃሲም አለቃውን 'መስታወት የምታጥብ ልጅ አውቃለሁ፣ በርበሬ ግን አታውቅም' ብሎ አሳቀው። ቪዛዋን አዞሩላት።

አሁን ማጠቢያ ብሩሽ የተገጠመላት ትንሽ መኪና እየነዳች በሰልፎቹ መሐል ስትመላለስ ነው የምትውለው። መንጃ ፈቃድ ሳይኖራት በረሃ ላይ ስትነዳ ቪዲዮ ልካልኝ ለሁሉም አሳየሁ። የካምፑ ሰዎች 'ቀን መተኛት ቻልን' እያሉ በየቋንቋቸው ይመርቋታል። ማታ ፈረቃ የሚሠሩ ናቸው፣ ለእነሱ የቀን ኤሲ ማለት ነፍስ ነው።

በጥር ፈቃድ ወጥታ አገባች። ቬሎውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ፎቶ አለኝ፣ ስንወርድ አሳይሻለሁ። በሬውን ማረድ አልሆነላቸውም፣ ለምደውታል፤ በግ አረዱና በሬው ከሚዜዎቹ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነሳ። ቸርነትም ቪዛው እስኪወጣ ይጠብቃል። ልጅቷ ቂም የላትም። ስለዚያች ሴት ክፉ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። 'እትዬ ደህና ናት? ልጆቿስ አደጉ?' ነው የምትለኝ። ታዲያ እኔ በዚህ ንዴት የለብኝም፣ ያስተምረኛል እንጂ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የሰው ነገር ደግሞ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ሲሆን መሸፈኛ ጨርቁ ይገኛል፣ መቆንጠጫው ነው የሚጠፋው።

እንግዲህ ደረስን። ባፈና፣ አደራ በሩ ጋ አቁመን፣ መክሊት ከአጅማን መጥታ ቆማ ትጠብቀናለች። አዎ ፅዮንዬ፣ ራሷ መክሊት። 'ከአል ባርሻ የሚመጡትን ሁሉ ሰላም ልበል' ብላ ነው የመጣችው። ክርን ለክርን ብቻ ነው ሰላም የምትያት፣ መተቃቀፍ ገና አልተፈቀደም። እዪ እስቲ፣ እህታችንም ነቃች መሰለኝ። ነጠላሽ ተንሸራቶብሻል እህቴ... ምነው ዓይንሽ ቀላ? ማስኩ ነው፣ ማስክ ላይ ትንፋሽ ሲበዛ ያቃጥላል።

ከመውረዳችን በፊት አንድ ጊዜ እንመርቃት፤ ሰው ስለ ደግ ሰው አውርቶ ሳይመርቅ አይወርድም። እጃችሁን ዘርጉ። ያቺን ሴት እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣት። የደከመችበትን ይባርክላት። ሦስቱን ልጆቿን አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት። እንጀራ ፍለጋ በሰው አገር የወጡ እንደሆነም ብቻቸውን አይተዋቸው፤ በገቡበት ቤት ሁሉ ልክ እንደ እናታቸው ያለች እህት ትግጠማቸው፣ ከአንድ ሳህን ትብላ፣ በአንድ ክፍል ትደር፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ልክ እንደ እናታቸው ከጎናቸው ትቁም።

አሜን በሉ እንጂ። ፅዮን አሜን አለች፣ ባፈናም አለ... ምነው፣ አንቺስ እህቴ? በጎ ምርቃት እኮ ነው።